ኃይል አላነሰህም፤ ፊልሙን ቀይር፦ በትንሽ ሌዘር የሊድ ፔስት ስቴንስል ስለመቁረጥ

ሊድ ፔስት የሚባለው ክፍሎችን ቦርድ ላይ የምንበይድበት፣ የሊድ ቅንጣት ያለበት ልቁጥ ነው፤ ስቴንስል ደግሞ ፔስቱ እግሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ብቻ እንዲቀባ ተበስቶ ቦርዱ ላይ የሚነጠፍ ስስ ሉህ ነው። ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ጋሼ። 10 ዋት ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር አለኝ። እስካሁን እንጨት ላይ ስም ስጽፍበትና ረከቦት ሳስጌጥበት ነው የቆየሁት። አሁን ለጫጩት መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ዲዛይን አድርጌ 20 ባዶ ቦርድ አስመጥቻለሁ። ባለ 48 እግር ማይክሮኮንትሮለር አለበት፤ እግሮቹ በ0.5 ሚሊሜትር ነው የሚራራቁት። የቀረው 0603 የሚባለው መጠን ያላቸው ጥቃቅን ሬዚስተርና ካፓሲተር ነው። ስቴንስሉን ራሴ ልቁረጠው ብዬ በንጹሕ ፕላስቲክ ሞከርኩ፤ ጨረሩ ሳይነካው አለፈ። በጥቁር ማርከር ቀብቼ ስሞክር ደግሞ ቀለጠ፤ የእግሮቹ ቀዳዳዎች ተያይዘው አንድ ሆኑ። ኃይሉ አንሶኝ ነው? 20 ዋት ልግዛ?»

አብሽር ወንድሜ። 20 ዋት አትግዛ። እየቆረጥክ ያለኸው የፀጉር ውፍረት የምታክል ፊልም ነው፤ ለእሷ 10 ዋት ከበቂ በላይ ነው። የቸገረህ ኃይል አይደለም። የቸገረህ ብርሃኑና ፕላስቲኩ አለመተዋወቃቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንተ ዳዮድ የሚያወጣው 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ይህ በዓይን የሚታይ ብርሃን ነው። ንጹሕ ፕላስቲክ ደግሞ ንጹሕ የተባለው የሚታይ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ፀሐይ በመስኮት እንደምትገባ፣ ጨረርህም ፊልሙን አልፎ ከሥር ያለውን ጠረጴዛ ይለበልባል። ማርከር ስትቀባው ብርሃኑን የሚውጠው ቀለሙ ነው። ቀለሙ ይግላል፣ ሙቀቱን ከሥሩ ላለው ፕላስቲክ ያቀብላል፣ ፕላስቲኩም ሳይተን ይቀልጣል። ቀለሙ ተቃጥሎ ሲያልቅ ብርሃኑ እንደገና ማለፍ ይጀምራል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ቀልጦ ይሰፋል፣ ሌላው ሳይቆረጥ ይቀራል። 20 ዋት ብትገዛ ያው ነው፤ መቅለጡ ብቻ ይፈጥናል።

ሲኦቱ የምንለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ግን ሌላ ነው። የእሱ ብርሃን 10,600 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። ለእሱ ንጹሑ ፕላስቲክ እንደ ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ጨረሩን እዚያው ላዩ ላይ ይውጠዋል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ለማሽንህ የሚስማማ ፊልም ትፈልጋለህ፣ ወይ ፊልሙን ይዘህ ሲኦቱ ያለው ሰው ዘንድ ትሄዳለህ። ከተማህ ውስጥ ንጹሕ አክሪሊክ በሌዘር ቆርጦ የሚሰጥ ማስታወቂያ ቤት ካለ፣ ማሽኑ ሲኦቱ ነው። ሰማያዊ ዳዮድ ንጹሕ አክሪሊክ አይቆርጥማ።

እኔ ብሆን ማሽኔን ይዤ ፊልሙን እቀይራለሁ። ለሰማያዊ ሌዘር የሚሆነው ፖሊይሚድ ነው። ሞባይል የሚጠግን ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ማር የመሰለው ሙቀት ቻይ ካፕተን ቴፕ ከእሱ ነው የሚሠራው። ማር የመሰለው ሰማያዊውን ስለሚውጥ ነው። ደግሞ አይቀልጥም፤ ከስሎ ይተናል። ቀዳዳው ከንፈር ሳያወጣ ስል ሆኖ ይቀራል። ማጣበቂያ የሌለውን፣ በሉህ የሚሸጠውን፣ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ፈልግ። 0.075ም ይሆናል። ለጊዜው ካጣህ ሰፊ ካፕተን ቴፕ ሁለቱን ከማጣበቂያቸው ፊት ለፊት አጣብቃቸው። ወደ 0.12 ሚሊሜትር የሚጠጋ፣ ሁለቱም ፊቱ የማይጣበቅ ሉህ ይወጣሃል። ለሁለት ሦስት ቦርድ ሙከራ ይበቃል፤ ለ20 ግን አልመክርም።

ፖሊይሚድ አንድ ጠባይ አለው። ሲቆረጥ ጥቁር ጥላሸት ያወጣል። ይህ ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በ0.5 ሚሊሜትር እግሮች መካከል ቢቀር ቀኑን ሙሉ የማታገኘው ብልሽት ይሆንብሃል። ከቆረጥክ በኋላ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠበው፣ ከዚያ በአልኮል ጥረገው። ነጭ ሶፍት ስታሻሸው ሶፍቱ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስ አታቁም።

የሲኦቱን መንገድ ከመረጥክ የሚሻለው ፊልም ፖሊስተር ነው። በየትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ተረስቶ የቀረው የድሮ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ንጹሕ ሉህ አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ውፍረቱም ወደ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ስትቆርጥ ከሥሩ እርጥብ ወረቀት አንጥፍለት። ውሃው ትርፍ ሙቀቱን ስለሚወስድ ጠርዙ ብዙ አይቀልጥም። ቀልጦ የሚነሣው ከንፈር ከላይ በኩል ነው። ምላጭ አጋድመህ ቀስ ብለህ ፋቀው፤ ለጥ ያለውን የሥር ፊት ወደ ቦርዱ አድርግ።

ያገለገለ የራጅ ፊልምስ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጥቁር ስለሆነ ሰማያዊውን ይውጣል፣ ይቆረጣልም። ነገር ግን ውፍረቱ ወደ 0.18 ሚሊሜትር ነው። በ0.1 ፊልም ከሚወጣው ፔስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ይወጣል። ለትላልቅ ሬዚስተሮች ይሁን፤ ለአንተ ማይክሮኮንትሮለር ግን አይሆንም።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚገዛውን የመጽሐፍ መጠረዣ ንጹሕ ሽፋን ሳታጣራ በሌዘር እንዳትቆርጥ። ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ውስጡ ክሎሪን አለ፤ ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ነው። እኔ ገና ስጀምር፣ ደሴ ላይ፣ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ቆርጬዋለሁ። ሽታው አፍንጫ ይወጋ ነበር። መስኮት ከፍቼ ቀጠልኩ። በሳምንቱ የማሽኑ ሐዲድ በቡናማ ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘሁት። ጣቴን ሳስኬድበት ይሻክራል። ሐዲዱን አሸሁ፣ ዘይት ቀባሁ፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። የእኔ ሳንባም ያንኑ አየር ነው የሳበው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ደጅ ውጣ። የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ይዘህ በቡታጋዝ ነበልባል አግለው፤ ነበልባሉ ቀለሙን እስኪያጣ ጠብቅ። የጋለውን ሽቦ ፕላስቲኩ ላይ ነካ አድርገውና መልሰህ ነበልባሉ ውስጥ አስገባው። ደማቅ አረንጓዴ ከበራ ክሎሪን አለው። ጣለው። ካልበራ ቁረጠው። ስትሞክር ጢሱ ወደሌለበት ቁም፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል ፕላስቲክ ትበቃለች።

ፊልሙ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው የጨረሩ ስፋት ነው፤ የእግሮችህን ቀዳዳ አንድ ያደረገው ግማሹ ምክንያትም ይኸው ነው። አናጢ ጣውላ ሲቆርጥ በመጋዙ ስፋት ልክ ጣውላው ሰጋቱራ ይሆናል። ሌዘርም እንደዚያው ነው። መስመሩን የሳልከው በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ጨረሩ ከመስመሩ ወዲያም ወዲህም ይበላል። ቀዳዳው ከሳልከው ይሰፋል።

ምን ያህል እንደሚሰፋ እኔ ልነግርህ አልችልም፤ ማሽንህ ነው የሚነግርህ። በፊልሙ ቁራጭ ላይ አራት ማዕዘኖች ቁረጥ፤ ከ0.3 ሚሊሜትር ጀምረህ በ0.1 እየጨመርክ እስከ 1.0 ድረስ። ከዚያ በቢሮ ስካነር በ1,200 ዲፒአይ ስካን አድርገው። በዚህ ልክ 1 ሚሊሜትር 47 ፒክስል ያህል ነው። ምስሉን አጉልተህ ፒክስል ቁጠር። 1.0 ብለህ የሳልከው 55 ፒክስል ሆኖ ከወጣ 1.16 ሆኗል ማለት ነው፤ በየጎኑ 0.08 በልቷል። አግድሙንም ቁመቱንም ለየብቻ ለካ። የዳዮድ ሌዘር ነጥብ ብዙ ጊዜ ክብ አይደለም፤ ሞላላ ነው። ስለዚህ በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ይበላል።

ቁጥሩን ካገኘህ ቦርዱን በምትነድፍበት ፕሮግራም፣ በኪካድ ውስጥ፣ በቦርዱ ማስተካከያ ገብተህ የፔስት ክፍተት የሚለው ላይ በኔጌቲቭ አስገባው፤ በምሳሌያችን ‑0.08። ኪካድ ራሱ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አጥብቦ ይሰጥሃል። ከዚያ ኤፍ ፔስት የሚባለውን፣ የላይኛውን ፊት የፔስት ቀዳዳዎች የያዘውን ሌየር በኤስቪጂ ፋይል አውጣው። ሌዘሩን ወደሚያዘው ፕሮግራም፣ ወደ ላይትበርን፣ ስታስገባው የቦርዱን ርዝመት መልሰህ ለካ። አንዳንድ ፕሮግራም ኤስቪጂ ሲቀበል ልኬቱን ያዛባል፤ ከቆረጥክ በኋላ ከምታውቀው በፊት ብታውቀው ይሻላል።

ለ0603 በዚህ አበቃ። ቀዳዳቸው 0.8 በ0.95 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለማንም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ባለ 48 እግሩ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የአንዱ እግር ማረፊያ ወደ 0.3 በ1.5 ሚሊሜትር ነው። ከ0.3 ላይ በሁለቱም ጎን 0.08 ስትቀንስ የሚቀርህ 0.14 ነው። 0.14 ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ማለት ሁለት መስመር ተጠጋግቶ፣ ያንኑ ቦታ ሁለቴ መጥበስ ማለት ነው። ማሽኑ ጠባቡ ጫፍ ላይ ሲዞር ይዘገያል፤ ሲዘገይ ያቃጥላል። ቀዳዳው 0.3 ሳይሆን 0.35፣ 0.4 ይሆናል። በእግሮቹ መካከል የሚቀረው ክር ይሳሳል፣ ይበጠሳል። የአንተም ቀዳዳዎች እንዲህ ነው አንድ የሆኑት።

መፍትሔው አራት ማዕዘኑን መተው ነው። ለእያንዳንዱ እግር መሐል ለመሐል አንድ መስመር ብቻ ሳል፤ ርዝመቱ 1.15 ሚሊሜትር ይሁን። ኪካድ ውስጥ የማይክሮኮንትሮለሩን ፉትፕሪንት (የእግሮቹን ማረፊያ ሥዕል) ከፍተህ በአንዱ ዩዘር ሌየር ላይ 48ቱንም መስመር ስመር፤ የፔስት ሌየሩን ለእነዚህ እግሮች አጥፋው። ጨረሩ ሁለት ጊዜ ሲመላለስበት 0.2 በ1.3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ይወጣል። ከማረፊያው ጠበብ ይላል። ይጥበብ። በ0.5 ሚሊሜትር ርቀት ሰውን የሚያስለቅሰው የፔስት ማነስ አይደለም፤ መብዛቱ ነው።

«ስንጥቁ ጠቦ ፔስቱ ውስጡ ቢቀርስ?» ካልክ የሚታይበት ስሌት አለ። ፔስቱን ሁለት ነገር ይጎትቱታል፦ ከሥር ያለው መዳብና የቀዳዳው ግድግዳ። ግድግዳው ካሸነፈ ስቴንስሉን ስታነሣ ፔስቱ አብሮ ይነሣል። የቀዳዳውን የገጽ ስፋት (ርዝመቱን በወርዱ አባዝተህ) ለግድግዳዎቹ የገጽ ስፋት ታካፍላለህ፤ ውጤቱ ከ0.66 በላይ መሆን አለበት። የአንተ ስንጥቅ 0.2 በ1.3 ነው፤ ስፋቱ 0.26። ዙሪያው 3.0 ነው፤ በፊልሙ ውፍረት 0.1 ስታባዛው ግድግዳው 0.3። 0.26 ለ0.3 ሲካፈል 0.87 ገደማ። አልፏል። በራጅ ፊልም ብታደርገው ግን ወደ 0.48 ይወርዳል፤ ይቀራል። እንዲሁም ከቀዳዳው ጥበት ውስጥ አምስት የፔስት ቅንጣት ጎን ለጎን መግባት አለበት። 0.2 ሚሊሜትር ለአምስት 40 ማይክሮን ነው። ታይፕ 3 የሚባለው ፔስት ቅንጣቱ እስከ 45 ማይክሮን ይደርሳል፤ አይሆንህም። ታይፕ 4 ከ20 እስከ 38 ነው። እሱን ግዛ።

የማሽኑን ርዝመት ማጣራት ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። በቀበቶ የሚነዳ ማሽን 80 ሚሊሜትር ሂድ ስትለው 80.24 ሊሄድ ይችላል። 0.3 በመቶ ስህተት ናት፤ እንጨት ላይ ስም ስትጽፍ አትታይህም። ስቴንስል ላይ ግን አንዱን ዳር ስታስተካክል ሌላው ዳር የእግሮቹን ርቀት ግማሽ ያህል ይስታል። 100 ሚሊሜትር ቆርጠህ በካሊፐር ለካ። ካልገጠመ ማሽኑን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ በጂአርቢኤል ማስተካከያ ውስጥ 100 እና 101 ቁጥር ያላቸውን አስተካክል፤ የአግድምና የቁመት እርምጃ ናቸው።

የኃይሉንና የፍጥነቱን ቁጥር ከሰው አትዋስ። በዚያው ፊልም ላይ በአንድ ጎን ኃይል፣ በሌላው ጎን ፍጥነት እየጨመርክ ትንሽ ፍርግርግ ቁረጥና ከነሱ ንጹሑን ምረጥ። ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ በኃይል ከመቁረጥ በፍጥነት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። የሌዘሩን ኃይል ከፍጥነቱ ጋር የሚያስማማውን ኤም 4 የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀም፤ ኤም 3 ማዕዘን ላይ ሲዘገይም በሙሉ ኃይሉ ያቃጥላል። ፊልሙን በአራቱም ጎን በቴፕ ወጥረህ ጥቅጥቅ ባለ ካርቶን ላይ አጣብቀው። የሚያብለጨልጭ ብረት ከሥሩ አታድርግ፤ ሰማያዊው ብርሃን ተመልሶ የፊልሙን ሥር ይጠብሳል፣ ዓይንም ያገኛል። የአየር ግፊቱን ቀንሰው፤ ፊልሙ መርገብገብ የለበትም። ፊልሙ ገና ለጥ እንዳለ ባለ 48 እግሩን ቀድመህ ቁረጥ፤ የዙሪያውን መስመር መጨረሻ ላይ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ልቀጥል ብለህ አትታገል። ማሽኑ ያለበትን ቦታ ረስቷል። ፊልሙን ጣልና በሌላ ጀምር፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለ450 ናኖሜትር የተሠራውን መነጽር አድርግ፣ ጢሱን ወደ ውጭ አስወጣ፣ ካርቶን ከሥሩ ስላለ ማሽኑን ጥለህ ቡና ልጠጣ አትበል።

ወደ ፔስቱ ልምጣ። ፔስት በፍሪጅ ነው የሚቀመጥ፣ ከ10 ዲግሪ በታች። ከፍሪጅ ስታወጣው ክዳኑን ሳትከፍት አራት ሰዓት ያህል ተወው፤ ቀዝቅዞ ሳለ ከከፈትከው ከአየሩ ጤዛ ይስባል። በዚህ አንተ ከእኔ ዕድለኛ ነህ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ አየሩ ይለሰልሳል። ደሴ በክረምት ጠዋት ፔስቱ እንደ ቆየ ማር ይደድራል፤ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም አይለቅም። እኔ ከሰዓት በኋላ ነው የምቀባው። ምድጃ ዳር ወይም ጀበና አጠገብ ልታሞቀው ግን አትሞክር።

ቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በሌሎች ባዶ ቦርዶችህ እጠረው። ሁሉም 1.6 ሚሊሜትር ስለሆኑ ላዩ አንድ ሜዳ ይሆናል። አጥር የሆኑትን በቴፕ ያዛቸው፤ መሐለኛው እየወጣ ሌላው ይገባል። ስቴንስሉን በማጉያ እያየህ ባለ 48 እግሩ ላይ አግጥመው፤ እሱ ከገጠመ ሌላው ይገጥማል። ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ በቴፕ አጣብቀው፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይከፈትና ይዘጋ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ጥሩ መጥረጊያ ነው። ፔስቱን በአንድ ዳር በረዥሙ አኑረህ ካርዱን ወደ 50 ዲግሪ አጋድመህ አንድ ጊዜ ብቻ ጎትት። መመላለስ የለም። ፊልሙ ላይ ፔስት ሳይቀር ንጹሕ ሆኖ ከታየ ጫናህ ልክ ነው። ስቴንስሉን ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ አንሣ።

የመጀመሪያውን ቦርድ በስልክህ ካሜራ አጉልተህ እየው። 48 የተለያዩ የፔስት ጭረቶች መታየት አለባቸው። ከተነካኩ ቦርዱን በአልኮል ጥረግና እንደገና ቀባ። በየአራት አምስት ቦርዱ የስቴንስሉን ሥር ጥረግ፤ የሚበላሸው ሁልጊዜ ከሥር ተሾልኮ በወጣ ፔስት ነው። በቦርድህ ላይ ሬጉሌተር ካለ ትልቁን ማረፊያውን አንድ ቀዳዳ አታድርገው፤ በአራት መስኮት ክፈለው፣ በመካከላቸውም 0.4 ሚሊሜትር ክር ተው። አለዚያ ካርዱ ቀዳዳው ውስጥ ሰምጦ ፔስቱን ጠርጎ ያወጣዋል።

ለማቅለጥ ሆት ኤርም ትንሽ ሆት ፕሌትም ይሆናል። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ ሊድ ያለው ፔስት በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያደርጉ አይቻለሁ። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ አንዴ ሊድ የነካው ምጣድ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። እጅህንም ምግብ ከመንካትህ በፊት በሳሙና ታጠብ።

የሚቀጥለውን ዲዛይን ስታዝ እግሮቹ 0.4 ሚሊሜትር የሚራራቁ ከሆኑ፣ ወይም ቢጂኤ የሚባለው፣ በእግር ፈንታ ከሥሩ ኳሶች ያሉት ክፍል ካለበት፣ ወይም መቶዎች ልትሠራ ካሰብክ፣ የብረት ስቴንስል ከቦርዱ ጋር አብረህ እዘዝ፤ በአንድ ጥቅል ይመጣል። 0.25 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ በ0.1 ፊልም፣ በዚያ በስፋቱ ስሌት፣ 0.625 ነው የሚሰጠው፤ ከ0.66 በታች ነው፤ ያውም ሌዘርህ ክቡን ክብ አድርጎ ከቆረጠው። ለእነዚህ 20 ቦርዶች ግን ሌላ ጥቅል መጠበቅ የለብህም። ዲዛይኑ ላይ አንድ ሬዚስተር ብታዛውር በዚያው ቀን አዲስ ስቴንስል ትቆርጣለህ። እኔ ይህን ማሽን የምወደው ለዚህ ነው።

ከአራት ማዕዘኖቹ ጀምር። ስካን አድርገህ ፒክስሉን ቁጠርና አግድሙን ቁመቱን ጽፈህ ላክልኝ፤ የመስመሮቹን ርዝመት አብረን እናወጣዋለን።